ደመና ያልነበረበት ቀን

ጥር ነበር። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ ጎታው ሞልቷል። በዚያው ሳምንት እሑድ የእህቴ ልጅ ትዳራለች። መንደሩ ሁሉ ለዳስ አጠና ሲቆርጥ፣ ጠላ ሲጠምቅ ሰንብቷል። የእኔ ልጅ እመቤት ሚዜ ነበረች።

የምንኖረው ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ባለቤቴ ሞላ ገበሬ ነው። የበኩር ልጃችን ሳዑዲ በሰው ቤት ትሠራለች። እመቤት ታናሽዋ ናት። ያን ጊዜ ከሦስት ልጆች ጋር መካነ ሰላም አንዲት ክፍል ተከራይታ ትማር ነበር። በየዓርቡ ስንቋን ልትወስድ ትመጣለች። እኔ ቤቴንና ቤተ ክርስቲያኔን እንጂ ሌላ ብዙም የማላውቅ ሴት ነበርኩ። ንግግርም አይሆንልኝም። ጎረቤቴ ዘሀራ፣ «የሺ አንድ ቃል ከምታወጣ ከጎታዋ አንድ ቁና ብታወጣ ይቀላታል» እያለች ታስቅብኛለች። ዘሀራ እስላም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። ልጆቻችንን ግን አብረን ነው ያሳደግነው።

ዓርብ ከሰዓት እመቤት መጥታ ገና ሳትቀመጥ ከአባቷ ጋር ተጣላች። እህቷ ደውላላት ኖሯል።

«እኔም ልሂድ፤ እሷ ትቀበለኛለች» አለች።

«አንዷን ለአረብ አገር ሰጥቻለሁ። ሁለተኛ አልሰጥም» አላት ሞላ።

«እዚህስ ምን አለኝ?»

«አባት አለሽ!»

አለቀሰች። እሱም ተነሥቶ ወጣ። ቆይታ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «እማ፣ ለሰርጉ ጸጉሬን ልቀባ፤ ቅቤ ስጪኝ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር የተለወሰ ነበረኝ፤ ሰጠኋት። «ልቀባሽ?» ብላት፣ «አይ፣ ሹሩባውን እዚያው ከተማ ተሠርቻለሁ፤ ቅቤውን እኔው እቀባዋለሁ» ብላ ጓዳ ገባች። ጎታው ያለው ጓዳ ነው። ስትወጣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አጥብቃ አስራለች። ቤቱ አደስ አደስ ሸተተ። ልቅሶው አለፈ ብዬ አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስቀሰቅሳት አልነሣ አለችኝ። ልብሷ በላብ ርሷል። የእኛ አገር ጥር ብርድ ነው፤ ያን ያህል ላብ የሚያመጣ ምን አለ? ቀና ሳደርጋት ለሃጯ ተዝረከረከ። አስመለሳት። ከዚያ ሆዷ አመለጣት። ክንዷ ላይ ያለው ሥጋ ከቆዳዋ ሥር ትል እንዳለበት ይርገፈገፍ ጀመር።

«ሞላ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሞላ ገብቶ አያት። ወዲያው ወደ ጓዳ ሮጠ። ምን እንደጠረጠረ ያን ጊዜ አልገባኝም። ሲመለስ የነቀዝ ማጥፊያው ማላታይን ጠርሙስ በእጁ ነበር። ክዳኑ የለም።

«ጠጣችው!» አለ። «የሺ፣ ልጅሽ ጠጣችው። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ጩኸቱን ሰምቶ ሰው ተሰበሰበ። ዘሀራ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች፤ ወተት በጆግ ይዛ። በእኛ አገር መርዝ ጠጣ የተባለን ሰው መጀመሪያ ወተት መጋት ነው። እናቶቻችንም ሲያደርጉት ያየነው ይህንኑ ነው።

«አፏን ያዙልኝ! ያረቢ፣ አፏን ክፈቱልኝ!»

ሁለት ሰዎች ያዟት፤ ዘሀራ አፈሰሰች። ልጄ ወተቱን አልዋጠችውም። ትን አላት። ፊቷ ጠቆረ። ዓይኗ ተገለበጠ። ጆጉን በእጄ መታሁት፤ ወተቱ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ምን ማድረግሽ ነው? መድኃኒቷ እኮ ነው!» አለች ዘሀራ።

«ታፈነች» አልኳት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። በጎኗ አስተኛኋት፤ ሳለች፤ ትንፋሽዋ ተመለሰ።

ወንዶቹ ለዳሱ የቆረጡትን አጠና አምጥተው በጠፍር አስረው ቃሬዛ ሠሩ። ለሙሽራ የተቆረጠ እንጨት ላይ ልጄን አስተኟት። ዘሀራ ክንዴን ያዘችና፣ «አብሽሪ፣ የሺዬ፣ አብሽሪ» አለችኝ። መንገዱ ድረስ በሩጫ ወረዱ። የቅዳሜ ገበያ ስለሆነ እህል የጫነ መኪና አገኘን። ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ቆመ። ከስንዴው ጆንያ ላይ ወጣን። እኔ ተቀመጥኩ፤ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ሞላ ከእግሯ በኩል፣ ዘሀራ ከጎኔ።

መኪናው ይንጣል። አንድ እጄን ጭንቅላቷ ላይ አድርጌ ደግፌያታለሁ፤ በሌላው ለሃጯን እጠርጋለሁ። ሲደክመኝ እጅ እቀያይራለሁ፤ በዚያው እጄም ዓይኔን እጠርጋለሁ። አፍንጫዬም ይፈሳል። እያለቀስኩ ስለሆነ ልብ አላልኩትም። እየሄድን ሳለ ቀኑ የደመነ መሰለኝ። በጥር ደመና? ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ ግራጫ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ፊትህን መለስህብኝን? አልኩ በልቤ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ጠየቅኋት።

«እመቤቴ፣ እውነቷን ንገሪኝ። አልቆጣሽም። ጠጥተሻል?»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አልጠጣሁም፣ እማ።»

«ልጄ...»

እጇን በጣም አዝግማ አንሥታ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ ያዘች። «በማተቤ» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

«ምን አለችሽ?» አለኝ ሞላ።

«አልጠጣሁም አለች።»

«ሁሉም እንዲህ ይላሉ።» ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ጠርሙሱን አይቼዋለሁ፣ የሺ። ክዳኑ ወድቆ አግኝቼዋለሁ።»

አንባቢ ሆይ፣ የሞላ ፍርሃት ሞት ብቻ አልነበረም። የእኔም እንደዚያው። ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት የለውም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አያርፍም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ልጄ ልትሞት ነው፤ ስትሞት ደግሞ ከእኔ ጋር አንድ አፈር አትቀበርም። ይህን እያሰብኩ ዘሀራን አየኋት። እሷም ያንኑ ታስብ ነበር መሰለኝ፤ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል።

ሞላን፣ «ልጄ በማተቧ አትዋሽም» አልኩት።

ጋቢውን ከፊቱ አላነሣም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሮጠው ተቀበሉን። ሐኪሙ ወጣት፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ልጅ ነው። ነርሷን ሁሉም ሲስተር ይሏታል፤ ወፈር ያለች፣ እጇ ፈጣን።

«ምን ጠጣች?» አለ ዶክተሩ።

ሞላ በፌስታል ጠቅልሎ የያዘውን ጠርሙስ ሰጠው። «ይህን ማምጣትዎ ጥሩ ነው» አለና አነበበው። የዓይኗን ቆብ ገልጦ መብራት አበራባት።

«ብሌኗን ተመልከቺ፣ ሲስተር። የጤፍ ፍሬ አክሏል። አትሮፒን አዘጋጂ።»

ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አደረጉ። ከደረቷ የሚወጣው ድምፅ ውኃ የሚፈላ ይመስላል። ዶክተሩ አዳምጦ ቀና አለ።

«በአፏ የሰጣችኋት ነገር አለ?»

«ወተት» አለች ዘሀራ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«ሳንባዋ ገብቶ ይሆናል፤ እናየዋለን። ለሌላ ጊዜ ግን ራሱን ለማያውቅ ሰው በአፉ ምንም እንዳትሰጡ። ወተትም፣ ውኃም።»

ዘሀራ አንገቷን ደፋች። እኔ በብብቴ ሥር ጸበል በሃይላንድ ይዤ ነበር፤ ከቤት ስወጣ አንጠልጥዬው ነው የወጣሁት። ይህን ስሰማ ወደ ውስጥ ገፋሁት።

ሲስተር የቆሸሸ ልብሷን አውልቃ ገላዋን አጠበቻት፤ ንጹሕ አንሶላ አለበሰቻት። ሻሿን አልነካችውም። በእኛ ዘንድ የሴት ልጅን ራስ በወንዶች ፊት መግለጥ ነውር ነው፤ ሻሹ ላይ ደግሞ ምንም ቆሻሻ አልነበረም። እኔም ለልጄ ክብር ማሰቧን አይቼ አመሰገንኳት።

መድኃኒቱ ገባ። ደገሙት። እንደገና ደገሙት። ሲስተር እጄን ይዛ የልጄ ብብት ውስጥ አስገባችው።

«ይሰማዎታል? ርጥብ ነው አይደል? ይህ ሲደርቅ መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነው።»

እጄን አላነሣሁም። «እመቤታችን ሆይ፣ አድርቂልኝ» እያልኩ ቆየሁ። እውነትም ደረቀ! የደረቷ ውኃ ጸጥ አለ። ዓይኗን ገለጥ አደረገች። ሞላ ወጥቶ በረንዳው ላይ ሰገደ።

ደስታዬ አልቆየም። ጥቂት ቆይቶ ብብቷ ዳግመኛ ራሰ። ለሃጩ መጣ። ትንፋሽዋ ተቆራረጠ። እንደገና ሰጧት፤ ደረቀ። እንደገና ራሰ። ሦስተኛ ሲመለስባት ዶክተሩ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ አያት። ስጋቱን ከፊቱ አነበብኩት።

«ሲስተር፣ ይህ ነገር ከየት ነው የሚጨምርባት? የጠጣችው ቢሆን እስካሁን መቀነስ ነበረበት።»

«ብዙ ጠጥታ ይሆናል፣ ዶክተር።»

«ከጠርሙሱ የጎደለው ብዙ አይደለም።» ወደ ሞላ ዞረ። «አባቴ፣ ትንፋሽዋ እየደከመ ነው። በመሣሪያ መተንፈስ ሊያስፈልጋት ይችላል። ደሴ ልልካት ነው። አምቡላንሱን አስጠርቻለሁ።»

«ደሴ ሩቅ ነው እኮ» አለ ሞላ። «መንገድ ላይ ብትሞትስ?»

ዶክተሩ መሬት መሬት አየ። «እሱን እኔም እፈራለሁ። እዚህ ብትቆይም እፈራለሁ።»

አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ዘሀራ ነጠላዬን ልታስተካክልልኝ ተጠጋች። እኔ የልጄን ፊት ማየት ፈለግሁ። ምናልባት የመጨረሻዬ ነው ብዬ። ግን አልታይ አለኝ። ክፍሉ ጨልሟል።

«ሲስተር፣ እባክሽ መብራቱን አብሪልኝ። ፊቷን ልያት» አልኩ።

«በርቷል እናቴ» አለችኝ። «ፀሐዩም ገብቷል እኮ።»

«እንዴት? ከጠዋት ጀምሮ ደመና ነው።»

ዘሀራ፣ «የምን ደመና? ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የሺ» አለች።

ዶክተሩ ወደ በሩ እየሄደ ነበር። ቆመ። ተመለሰና ፊቴ ላይ ጎንበስ አለ። አገጬን በጣቱ ቀና አድርጎ በዚያች ትንሽ መብራት ዓይኔን አየው። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«እርስዎስ ምን ጠጥተው ነው?» አለኝ።

ሞላ ዘሎ ተነሣ። «አንቺም?! የሺ፣ አንቺም?!»

«እኔ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም» አልኩ።

«ብሌንዎ ልክ እንደ እሷ ጠቧል። አፍንጫዎ ይፈሳል። ራስዎን ያምዎታል?»

«ያመኛል። ለቅሶው መስሎኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ነኩ? ጠርሙሱን ነክተዋል?»

«አልነካሁም።»

«በደንብ ያስቡ፣ እናቴ። ዛሬ ጠዋት በእጅዎ ምን ነኩ?»

አሰብኩ። ያልኩት የመጣልኝን ብቻ ነው።

«ልጄን» አልኩት።

«የቷ ላይ?»

«ጭንቅላቷን። መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ይዤው ነው የመጣሁት።» እጄን ዘረጋሁለት። በቅቤ ወዝቷል።

ዶክተሩ እጄን አሸተተ። ከዚያ ሻሹን አየ። «ጓንት!» ብሎ ጮኸ።

ሻሹ ሲፈታ ሥሩ ፌስታል ነበር። ፌስታሉ ጭንቅላቷ ላይ ተጠምጥሞ ዳርና ዳሩን በክር ታስሯል። እሱ ሲገለጥ ክፍሉ ሸተተ። መጀመሪያ አደስ፤ ከአደሱ ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ፤ በጎታችን አፍ ላይ የማውቀው ሽታ። ቅቤው ቀልጦ በሹሩባዋ መሐል ቁልቁል እስከ ማጅራቷ ወርዷል።

«የቅማል መድኃኒት አድርጋዋለች» አለች ሲስተር። «ወይኔ ልጄን!»

«አልጠጣችም» አለ ዶክተሩ። ዞሮ ለሞላ ደገመለት። «አባቴ፣ ልጅዎ አልጠጣችም። በራስ ቆዳዋ እየገባ ነው። እኛ እያወጣንላት፣ ይኸኛው እየጨመረባት ነው። አሁኑኑ ጸጉሯ ይነሣ። ብዙ ውኃና ሳሙና አምጡ። አምቡላንሱ ይቆይ።»

ሞላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ ጀሪካን ፈልጎ ሮጠ። ያን ቀን ለሰፈሩ የውኃ ፈረቃ አልነበረም፤ ካለበት ሊያመጣ ነው።

ሲስተር እጄን በሳሙና አሳጠበችኝ፤ ነጠላዬን አስወለቀችኝ፤ ዓይኔን በውኃ አጠበችልኝ። «እርስዎ ውጭ ይቀመጡ» አለችኝ።

«አልወጣም።»

«እንግዲያው ጓንት ያድርጉ።»

ሲስተር በመቀስ ቆረጠች፤ እኔ ሹሩባውን እየተቀበልኩ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ። ያን ጸጉር ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያበጠርኩት እኔ ነኝ። ዘሀራ ጓንት አጥልቃ ጭንቅላቷን ደግፋለች። ቆረጣው ሲያልቅ ሲስተር ማጅራቷ ላይ ደረሰችና እጇ ቆመ። ማተቡ ጥቁር ክር ነው፤ ቅቤውን ጠጥቶ አብጧል። ሲስተር እኔን አየች። ዶክተሩም አየኝ። እንደ እኛ ማተብ በሚከበርበት ቤት ያደጉ ልጆች መሆናቸውን አወቅሁ፤ ሁለቱም አፍ አውጥተው «ቁረጪው» ማለት አቃታቸው።

ልጄ በዚያ ማተብ ምላልኛለች። መሐላዋም እውነት ሆኗል። አሁን ያው ክር አንገቷ ላይ መርዝ ይዞ ተቀምጧል።

«መቀሱን ስጪኝ» አልኳት።

«በስመ አብ» ብዬ ቆረጥኩት። ይህን ኃይል የሰጠኝ እሱ ራሱ እግዚአብሔር ነው።

ሞላ ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ ሲመለስ እኔ የጸጉሩን ፌስታል ይዤ በር ላይ ነበርኩ። ነጠላ የለኝም፤ ራሴ ባዶ ነው፤ በእጄ የልጃችን ሹሩባ። ጀሪካኑ ከእጁ ወደቀ።

«ልጄን!» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አልሞተችም! ሞላ፣ ተነሥ! ውኃውን!» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም።

በምላጭ ላጯት። በሳሙና አጠቧት፤ ደግመው፣ ደግመው። ከጆሮዋ ኋላ፣ ከማጅራቷ፣ ከጥፍሮቿ ሥር። ዘሀራ እየቀዳች ታፈሳለች። ውኃው አልቆ ሞላ ሌላ አመጣ። ሁሉም ሲያበቃ ሲስተር ጎኔን አየችና፣ «እሱ ሃይላንድ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ጸበል ነው። በአፏ አልሰጥም።»

ፈገግ አለች። «በራሷ ላይ ያፍስሱት። ንጹሕ ውኃ እስከሆነ ድረስ እኛም እንፈልገዋለን።»

አፈሰስኩት። ያን ጊዜ ገና አለቀስኩ።

መድኃኒቱን ቀጠሉ። እጄን በአዲስ ጓንት ብብቷ ሥር አስገባሁ። ደረቀ። ጠበቅሁ። እንደሚመለስ ጠበቅሁ። ዘሀራም ጠበቀች፤ ሞላም ከአልጋው እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ። ዶክተሩ እየመጣ ያዳምጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል የልጄ ብብት አንዴ ርሶ ነበር፤ በጥቂቱ ሰጧት። ከዚያ ወዲህ እንደ ደረቀ ቀረ። ዶክተሩ የደረት ማዳመጫውን ከጆሮው አውጥቶ አምቡላንሱን፣ «ይሂድ» አለ።

«ወደ ደሴ?» አለ ሞላ በድንጋጤ።

«አይ፣ ወደ ቦታው።»

ከመድኃኒቱ ብዛት ልጄ ትቀባዥር ጀመር። በአየር ላይ ክር ትለቅማለች። ዘሀራን አንዴ «መምህር» አለቻት፤ አንዴ «ሙሽሪት» አለቻት። ዶክተሩ፣ «አይዟችሁ፣ ከመድኃኒቱ ነው፤ ይለቃታል» ብሎ ስለነገረን አልፈራንም። ዘሀራ፣ «ወላሂ በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ የሚለኝ አገኘሁ» ስትል ሞላ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

እሑድ የቅዳሴ ደወል ሲሰማ እመቤት ዓይኗን ገለጠች። አወቀችኝ።

«እማ። ውኃ።»

ሲስተርን አየኋት፤ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ጥቂት ሰጠኋት። ልጄ ዋጠች። ከዚያ እጇን ወደ ራሷ ወሰደች። ዳበሰችው። ዳበሰችው። ፊቷ ተለወጠ። በእኛ አገር ሴት ጸጉሯን የምትላጨው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ማንም አልሞተም፣ ልጄ።»

በኋላ ሁሉንም ነገረችን። ከተማ ቤት የሚጋሩት ልጆች አንድ ፍራሽ ላይ ስለሚተኙ ቅማል ተጋብቶባቸዋል። በሚዜነት ፊት ለፊት ልትቀመጥ ነው፤ ሰው ቢያይባትስ? እኔ ደግሞ በጽዳቴ የምታወቅ ሴት ነኝ፤ ለእኔ መንገር አፈረች። ከጓደኞቿ አንዷ ጥቂት ማላታይን በውኃ አቅጥና ተቀብታ ምንም አልሆነችም ነበር። እመቤት ግን ሳታቀጥን ከጠርሙሱ ቀጥታ ቅቤው ላይ አፈሰሰችው፤ ቅቤ ያበረታዋል ብላ። በፌስታል ያሰረችው እንዳይሸት ነው። ክዳኑን በጨለማ ጓዳ ስትፈልግ አጣችው። ይህ ብቻ ነው። ሰርጉ ደረሰባትና ቸኮለች።

ከወጣን በኋላ ከሁሉ በፊት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። «አባ፣ የልጄን ማተብ በእጄ በጠስኩ» አልኳቸው። አዲስ ክር ከኪሳቸው አወጡ። «ክሩ ነው የተበጠሰው፤ ጥምቀቱ አልተበጠሰም» አሉና ባርከው ለእመቤት አሰሩላት።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ለማስተማር አልበቃም። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። ያን ቀን ልጄን ሊገድላት የነበረው መርዙ ብቻ አልነበረም። ሁላችንም አንድ ነገር ጠርጥረን ነበር፤ ጥርጣሬያችን ሻሹን ሸፈነብን። «ጠጣች» ከተባለ በኋላ ማን ራሷን ይገልጣል? እሷ አልጠጣሁም እያለች ነበር። የታመመ ሰው ቃሉ ደካማ ነው፤ ጆሮ አስጠጉለት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ መርዝ የሚገባው በአፍ ብቻ አይደለም፤ በቆዳም፣ በጸጉርም፣ በልብስም ይገባል፤ የሚያስታምመውንም ይይዛል። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ይልቁንም በዓይኔ አላየሁም ማለት ይሻላል።

ማላታይኑን ሞላ ለግብርና ባለሙያው መልሶ ሰጠው። ዘሀራ አሁን መርዝ የሚባል ነገር በሰማች ቁጥር፣ «ወተቱን ተዉት፤ ልብሱን አውልቁ፣ እጠቡት፣ ሐኪም ቤት ሩጡ!» እያለች መንደሩን የምታስጨንቀው እሷ ናት። ዶክተሩንና ሲስተርን በየቅዳሴው በስማቸው አስባቸዋለሁ። ዘሀራም በሶላቷ ታስባቸዋለች። የአረብ አገሩን ነገር አልጨረስነውም፤ እመቤት አሁንም አንዳንዴ ታነሣዋለች። አባቷ ግን ከዚያ ወዲህ ተነሥቶ አይወጣም፤ ተቀምጦ ይሰማታል።

ጸጉሯ አድጓል። ከጓደኞቿ ዳግመኛ የተጋባባትንም ቅማል በማበጠሪያና በውኃ ጨረስነው፤ ተቀምጣ፣ እኔ ኋላዋ ሆኜ። ያኔ ያፈረችበትን ነገር ስታስበው ትስቃለች።

የእኔም ዓይን በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሷል። አንድ ነገር ግን አብሮኝ ቀርቷል። ሰማዩ የደመነ ሲመስለኝ የያዝኩትን ትቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ቀና ብዬ አያለሁ። በእርግጥ ደመና ከሆነ «ተመስገን» ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።